ታወሩ ሥር ያሉት ሰውዬ የማን ሠራተኛ ናቸው?

ይህ ጽሑፍ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በሰፈራችን ኮሚናል አዳራሽ ለወጣቶች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎችም አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ቆማችሁ ያላችሁትን ይቅርታ እጠይቃለሁ። የዕድሩ ወንበር ግማሹ ዛሬ ለቅሶ ቤት ነው ያለው።

የጋበዘኝ ልጅ ጥያቄውን በስልክ ጽፎ ላከልኝ። «ከቴሌኮም ኩባንያዎቹ ለሠራተኛው የሚያስበው የትኛው ነው? የት ብንቀጠር ይሻለናል?» ይላል። ብዙዎቻችሁ ሥራ እየፈለጋችሁ ነው። ከቂሊንጦ፣ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጣችሁም አላችሁ፤ ዘንድሮ ትመረቃላችሁ። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቀናት አስቤበት ነው የመጣሁት።

የደረስኩበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አንድን የቴሌኮም ኩባንያ መመዘን ስትፈልጉ መሀል ከተማ ካለው የመስታወት ሕንፃ አትጀምሩ። ማስታወቂያው ላይ ከሚስቁት ልጆችም አትጀምሩ። ከታወሩ ሥር ጀምሩ። እዚያ አንድ ሰውዬ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። «አባቴ፣ የማን ሠራተኛ ነዎት?» በሏቸው። እውነተኛውን መልስ እስክታገኙ ስንት በር እንደምታንኳኩ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ኩባንያው ጠባይ እንነጋገራለን።

ይህን ያገኘሁት ከቤቴ ነው። አባቴ የታወር ጥበቃ ነበሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ሥራውን የያዙት። ታወሩ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው በኩል ነው። አንድ የቆርቆሮ ቤት ነበረቻቸው። እግራቸውን ዘርግተው ለመተኛት እንኳን አትበቃም። ክረምት ላይ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሌሊት ጅብ አጥሩ ድረስ ይመጣል። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ሲነሳ ጆሮ ይደፍናል። አባቴ ግን ሥራውን ይወዱት ነበር። «በእኔ ምክንያት ነው የሰው ስልክ የሚሠራው» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው።

ደረታቸው ላይ ያለው ባጅ የአንድ ኤጀንሲ ስም ነበረበት። የሚጠብቁት ዕቃ የሌላ ድርጅት ነው። ናፍጣ የሚያመጣው ሦስተኛ ድርጅት ነው። ከላይ የሚበራው ኔትወርክ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ስም ነው። የማንንም ስም አልጠራም። የመጣሁት አሠራሩን እንድታዩልኝ ነው።

አንድ ወር ደመወዛቸው ጎደለ። ከግማሽ በላይ ነው የጎደለው። ሲጠይቁ «ናፍጣ ጠፍቷል፤ የጠፋው በእርስዎ ፈረቃ ነው» ተባሉ። አባቴ በዕድሜያቸው የሰው ሳንቲም ነክተው አያውቁም። ያን ማታ ራት አልበሉም። እናቴ ሁለቴ አሞቀችው፤ ሁለቴ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ አብሬያቸው ወጣሁ። ኤጀንሲው «እኛ የቆረጥነው ደንበኛችን ስለቆረጠብን ነው» አለን። ደንበኛው ጋ ሄድን። «ውላችን ከኤጀንሲው ጋር ነው፤ እኚህን ሰው አናውቃቸውም» አለን። ናፍጣ የሚያመጣው ድርጅት በሩን አልከፈተልንም። መጨረሻ ላይ ትልቁ ኩባንያ ዘንድ ደረስን። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ በትሕትና «አባ፣ እርስዎ እኮ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም» አለቻቸው። ልጅቷ አልዋሸችም። ወረቀቱ ላይ አይደሉም። ግን እኚህ ሰው አንድ ሌሊት ቢቀሩ፣ ባትሪው ቢሰረቅ፣ የዚህ ሁሉ ብሎክ ስልክ ድምፅ ያጣል። በሥራው የእነሱ ናቸው። በደመወዙ የማንም አይደሉም።

ይህን እጅ አዙር ቅጥር እለዋለሁ። ሥራው የአንዱ ነው፣ ቀጣሪው ሌላ ነው። ጥፋት ሲመጣ ሁሉም ወደ ጎን ይጠቁማል።

አባቴን ያዳናቸው ደብተር ነው። ሥራ ከጀመሩበት ቀን አንስቶ በአንድ ሉክ ደብተር ይጽፉ ነበር። ናፍጣ የመጣበት ቀን፣ የመኪናው ታርጋ፣ ስንት ሊትር እንደተቀዳ፣ ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት ተነስቶ በስንት ሰዓት እንደጠፋ። ማንም ጻፉ ብሎ አላዘዛቸውም። ደብተሩን ይዘን ወደ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄድን። እዚያ ያገኘነው ባለሙያ ገጾቹን ቀስ ብሎ ገለጠ። ከዚያ አዋጁን አውጥቶ አነበበልን። አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ አይቆርጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሲቆርጥም ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ከአባቴ የተቆረጠው ከግማሽ በላይ ነው፤ የፈረሙት ነገርም የለም።

ገንዘቡ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም። እስከ ዛሬ የሚቆጫቸው እሱ ነው።

አሁን ከአባቴ ታሪክ ትንሽ ወጣ እንበል። ኔትወርክ እንዴት እንደሚዘረጋ የምህንድስና ተማሪዎቹ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ኩባንያው ራሱ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ታወር አይተክልም። ዕቃውንና ተከላውን እንደ ሁዋዌ፣ ዜድቲኢ፣ ኤሪክሰን፣ ኖኪያ ላሉ አቅራቢዎች ይሰጣል። አቅራቢው ለአገር ውስጥ ኮንትራክተር ይሰጣል። ኮንትራክተሩ ለንዑስ ኮንትራክተር። ንዑሱ ለካቦ። ካቦው ጠዋት መንገድ ዳር ቆመው የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞችን ይሰበስባል። በዚህ መሀል ገንዘቡ የሚያልፍበት እጅ ሁሉ የራሱን ድርሻ ያነሳል። ታች ሲደርስ የሚተርፈው ያው የምታውቁት ነው። ክፍያ ከላይ ሲዘገይ ደግሞ ቀድሞ የሚራበው የመጨረሻው ሰው ነው።

ሥራን ለሌላ ድርጅት መስጠት በራሱ ነውር አይደለም። ሕጉም ይፈቅደዋል። ሁሉንም ራሱ የሚሠራ ኩባንያ በዓለም ላይ አይገኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሥራውን ሲሰጥ ኃላፊነቱንም አብሮ አውርዶ ይገላገላል ወይ?

ብዙ ጊዜ ይገላገላል። በሌላው አገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የመገናኛ ታወር ላይ ሲሠሩ 13 ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በድምሩ ከሞቱት ይበልጣል። የአገሪቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሲያነሳ የንዑስ ኮንትራክተሩን ሰንሰለት አብሮ አነሳ። ታወሩ ላይ የወጣው ልጅ የሚሠራው በትልቁ ስልክ ድርጅት ዕቃ ላይ ነው። ሲወድቅ ግን የምርመራ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ጥቂት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ስም ነው። አስቡት፤ ይህ የሚሆነው ሕግና ተቆጣጣሪ በሞላበት አገር ነው።

ባንግላዴሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ሌላ ጉድ ወጣ። ግራሚንፎን ከተባለው ትልቁ የሞባይል ኩባንያ አብዛኛውን ድርሻ የያዘው የኖርዌዩ ቴሌኖር ነው። ቴሌኖር በአገሩ በጥሩ ስም የሚጠራ ድርጅት ነበር። ለታወር የሚሆን ብረት የሚያዘጋጁለት አቅራቢዎች ዘንድ ግን ሕፃናት ኬሚካል አጠገብ እየሠሩ ተገኙ። አንድ ሠራተኛ አሲድ ገንዳ ውስጥ ወድቆ መሞቱም ተሰማ። የኖርዌዩ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በወሊድ ፈቃድ፣ በጡረታ፣ በሁሉም ነገር የሚቀናበት ነበር። እዚያ ብቻ ያየ ሰው «ምርጥ አሠሪ» ብሎ ይመሰክራል። ታች የወረደ ግን ሌላ ነገር አየ።

«እንግዲያው ቋሚ ሆነን፣ በኩባንያው ስም ከተቀጠርን ዳንን» የምትሉ ትኖራላችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የፍራንስ ቴሌኮም ነገር በጣም ስለሚከነክነኝ ነው።

ፍራንስ ቴሌኮም ዛሬ ኦሬንጅ የሚባለው ኩባንያ ነው። መጀመሪያ የመንግሥት ነበር። ወደ ግል ሲዞር አብዛኛው ሠራተኛ የመንግሥት ሠራተኛ መብት ስለነበረው በቀላሉ ሊባረር አልቻለም። ኩባንያው ግን ከ120 ሺህ ገደማ ሠራተኛ በሦስት ዓመት ውስጥ 22 ሺህ እንዲለቅ አቀደ። ማባረር ካልተቻለ ምን ይደረጋል? ሰውየው ራሱ እንዲለቅ ማድረግ። ሠራተኛውን ከቤተሰቡ ርቆ እንዲመደብ ማድረግ፣ ዕድሜ ልኩን የለመደውን ሙያ ቀምቶ የማያውቀው ሥራ ላይ መጣል፣ ወንበሩን ይዞ ሥራ እንዳይሰጠው ማድረግ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዲዲየ ሎምባር እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ለኃላፊዎቹ፣ በበርም ይሁን በመስኮት ሰዎቹ ይወጣሉ የሚል ንግግር አድርገው ነበር።

ሰው ተሰበረ። ፍርድ ቤቱ የ39 ሠራተኞችን ጉዳይ መረመረ። ከእነሱ 19ኙ የራሳቸውን ሕይወት አጥፍተዋል። 12ቱ ሞክረው ተርፈዋል። 8ቱ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ታመዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ሎምባርንና ሌሎች ኃላፊዎችን ጥፋተኛ አለ። ኩባንያው 75 ሺህ ዩሮ ተቀጣ። ይግባኝ ተጠይቆ እስራቱ ወደ ገደብ ቢለወጥም የሎምባር ጥፋተኝነት ጸና። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ዓ.ም. የአገሪቱ ሰበር ችሎትም አጸናው። በፍርዱ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አለቃው ሠራተኛውን በአካል ባያውቀውም፣ ባያየውም፣ ያወጣው አሠራር ራሱ በደል ሊሆን ይችላል። 75 ሺህ ዩሮ ለእንዲህ ያለ ኩባንያ ምንም አይደለም። ቃሉ ግን ትልቅ ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛ ምን አገናኘው? ኢትዮ ቴሌኮም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ሲመሠረት እንዲያስተዳድረው ለሁለት ዓመት ውል የተሰጠው ይኸው ፍራንስ ቴሌኮም ነው። ፓሪስ የሆነው እዚህ ሆኗል እያልኩ አይደለም። ፓሪስ ሐዘኑ ገና ትኩስ እያለ፣ እዚህ ደግሞ መዋቅር ሲቀየርና ብዙ የነባሩ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሠራተኞች በአዲሱ መዋቅር ቦታ ሲያጡ፣ ያኔ ማናችን «እነዚህ ሰዎች በአገራቸው ሠራተኛን እንዴት ያዙ?» ብለን ጠየቅን? ስለ ኔትወርክ ጥራት ጠየቅን። ስለ ታሪፍ ጠየቅን። ስለ ሰው አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅኩም።

የእኔን ላንሳ። ኮል ሴንተር ሠርቻለሁ። እኔም እንደ አባቴ በእጅ አዙር ነበርኩ። ስልክ ሳነሳ የትልቁን ኩባንያ ስም እጠራለሁ፤ ደመወዜ የሚመጣው ግን ሌላ ስም ካለው ድርጅት ነው። ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። አንድ ደንበኛ ላይ ብትቆዪ ቀይ ይሆናል። ሽንት ቤት ብትቆዪ ቀይ ይሆናል። ሄድሴቱ የጋራ ነው፤ የአንዷ ጆሮ ሲታመም የሁላችንም ይታመማል። ማታ ማታ እየደወለ ብልግና የሚናገር ወንድ አለ። ልትዘጊበት አትችይም፤ ከዘጋሽ ነጥብሽ ይቀነሳል። ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ? ሱፐርቫይዘሯ ራሷ የኮንትራት ናት።

ፈረቃዬ ሲያልቅ «ወረፋ በዝቷል፣ ሁለት ሰዓት ጨምሪ» እባላለሁ። እጨምራለሁ። ሰርቪሱ ዋናው አስፋልት ላይ ያወርደኛል። ከዚያ እስከ ብሎኩ ጨለማ ነው። ወንድሜ ዱላ ይዞ ይቀበለኝ ነበር። የጨመርኩት ሰዓት ደመወዝ ወረቀቴ ላይ ለወራት አልታየም። እኔም ሕጉን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ሕጉን ቶሎ ቶሎ ልንገራችሁ፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል። የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ሰዓቱ 30 ብር የሚታሰብለት ሰው ሌሊት አንድ ትርፍ ሰዓት ከሠራ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ነው ማለት ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰባችሁ አሠሪው ባያጠፋም ተጠያቂ ነው። አሥር ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

አንድ ነገር አስምሩበት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ይባላል ማለት ነው። በሕገ ወጥ መንገድ የተባረረ ሰው ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። እኔ ሕጉን ያወቅኩት ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ነው። የቀድሞዎቹን ወራት ገንዘብ አጣሁ። ለፍርድ ቤት ክፍያ የለኝም ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፍልም።

ሕጉ የጎደለውም አለ። ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል፤ ጥበቃውና ጽዳቷ ግን ዛሬም ኤጀንሲው በቆረጠው ሒሳብ ነው የሚኖሩት። ይህ የአንድ ኩባንያ ጥፋት አይደለም፤ የሁላችን ዕዳ ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያ «ወለል የለም» ብሎ እስከ መሬት መውረድ የለበትም። ውል ሲሰጥ «ለሠራተኛው ከዚህ በታች የሚከፍል አይወዳደር» ማለት ይችላል። አንድ አንቀጽ ነው። የሚከለክለው ሕግ የለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። ሁለቱ ኩባንያዎች ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ናቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። ሳፋሪኮም የሚመራው የኩባንያዎች ጥምረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ ነሐሴ 2014 ድሬዳዋ ላይ፣ መስከረም 2015 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ለቴሌኮም መሐንዲስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ አኩርፎ ቢወጣ የሚሄድበት የለውም፤ ዛሬ ሌላ በር አለ። ለጥበቃው ግን ውድድሩ አልደረሰም። ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው ቢዛወር ደረቱ ላይ ያለው ያው የኤጀንሲ ባጅ ነው።

ሁለቱን በተለያየ መንገድ ነው የምንጠይቃቸው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ አይኤፍሲ፣ ገንዘብ አለው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. 157.4 ሚሊዮን ዶላር ለድርሻ፣ 100 ሚሊዮን ዶላር በብድር እንደሚሰጥ አስታወቀ። አይኤፍሲ ገንዘብ የሚያስገባበት ድርጅት ሁሉ የሚገዛበት የሠራተኛ አያያዝ መስፈርት አለው። መስፈርቱ ስለ ቀጥተኛ ሠራተኛ ብቻ አያወራም። በሦስተኛ ወገን የመጣውን ሠራተኛም ያነሳል፤ ቅሬታ የሚያቀርብበት መንገድ ይኑረው ይላል። ሲኤኦ የሚባል ራሱን የቻለ አቤቱታ ተቀባይ ቢሮም አለው። ይህን እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ካላወቅነው ለማን ተጻፈ?

ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ የእኛው ነው። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮን ሸጧል፤ አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። በ2017 በጀት ዓመት ወደ 162 ቢሊዮን ብር ገቢ አስገባ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ከእናንተ ውስጥ የገዛ ካለ ባለቤት ነው። ባለቤት ትርፍ ብቻ አይጠይቅም።

የኩባንያ ሥነ ምግባር ከሠራተኛ በላይም ይሄዳል። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ አለ፤ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሕዝብ እውነቱን መንገር አለ። እሱን ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ። ዛሬ ልቤ ያለው ታወሩ ሥር ነው።

ቃለ መጠይቅ ስትገቡ እናንተም ጠይቁ። አሠሪዬ ሆኖ ውሉ ላይ የሚፈርመው ማን ነው? እዚህ ቦታ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለምን ለቀቀ? የሠራተኛ ማኅበር አለ? ታወር የምትወጡ ከሆነ ሁለት መንጠቆ ያለው የደህንነት ቀበቶ ይሰጣል ወይ በሉ። አንዱን ሳይነቅሉ ሌላውን እያሰሩ ነው መውጣት። «ልምድ ካለህ አያስፈልግም» ያላችሁን ሰው ትታችሁ ውጡ። እባካችሁ። ሥራ ይገኛል።

ንግግሬን እዚህ ላይ አቆምኩና ጥያቄ ተጀመረ።

አንድ ተመራቂ ተነሳ። «እህቴ፣ አማርጠን የምንገባ ይመስልሻል? በእጅ አዙርም ቢሆን ካገኘን እንገባለን» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ገብቻለሁ። ግቡ አልኩት። የውሉን ቅጂ ሳትይዙ ግን ሥራ አትጀምሩ። ቅጂ የማይሰጥ አሠሪ የሚደብቀው ነገር አለው።

ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። አደባባዩ አጠገብ በጃንጥላ ሥር ሲምና ካርድ የሚሸጡ ናቸው። «ልጄ፣ እኛንስ ረሳሽን?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ረስቻቸው ነበር። ቲሸርቱን ለብሰው፣ በፀሐይም በዝናብም ቆመው፣ ታርጌት ተሰጥቷቸው ይሸጣሉ። የሚከፈላቸው ኮሚሽን ብቻ ነው። ሲታመሙ ምንም የለም። አዋጁ የሚያውቀው በደመወዝ፣ በአሠሪ መሪነት የሚሠራን ሰው ነው፤ የኮሚሽን ሻጭን «ነጋዴ ነሽ» ብሎ ለመሸኘት ቀላል ነው። ግን ሰዓት ከተቆረጠልዎ፣ ቦታ ከተመደበልዎ፣ አለቃ ከተቆጣጠርዎ ነጋዴነቱ የቱ ላይ ነው? ጥሩ መልስ አልነበረኝም። ከሌሎቹ ሻጮች ጋር ተሰብስበው የሚታዘዙትን ሁሉ በጽሑፍ እንዲይዙ ነገርኳቸው። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ስሄድ አብሬያቸው እንደምሄድም ቃል ገባሁ። ማክሰኞ ነው ቀጠሯችን።

ቀጥሎ አንድ አዛውንት፣ 33 አክሲዮን የገዙ፣ «እኔ ስብሰባ ብጠራ ምን ብዬ ልጠይቅ?» አሉ። አብረን ጻፍነው። አዳራሹ ሁሉ እያረመ ነው የጻፍነው። እንዲህ ይላል፦ «በኩባንያችን ታወሮች፣ ጉድጓዶችና የጥሪ ማዕከሎች በሌላ ድርጅት ስም የሚሠሩ ሰዎች ስንት ናቸው? ባለፈው ዓመት ከእነሱ ስንቱ ተጎዳ? ለአንድ ጥበቃ ለኤጀንሲው ስንት ይከፈላል፣ ጥበቃው እጅ ስንት ይደርሳል?» አዛውንቱ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ልጅ ወደ እኔ መጣች። ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው፤ ኮል ሴንተር። ውሏን ከቦርሳዋ አወጣች። አብረን አነበብነው። «አሠሪ» የሚለው ቦታ ላይ ያለው ስም ቃለ መጠይቅ ያደረገላት ድርጅት ስም አይደለም። ሰምታው አታውቅም። አድራሻውን ፈለግን፤ «አዲስ አበባ» ብቻ ይላል። ስልክ ቁጥር የለውም።

አባቴ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያዳምጡን ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሏት። ገልብጠው አዩት። ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጧት።

«ዛሬ ስንት ነው? ቀኑን ጻፊበት» አሏት። «ደብተር ደግሞ ግዢ።»